የአባቴ ማጅራት ላይ ያለው የስብ እጢ፦ ይውጣ ወይስ ይተው?

የሽሮ ሜዳዋ | ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ምክር ፈልጌ መጥቻለሁ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማ ሲሠሩ ኖረዋል። ማጅራታቸው ላይ፣ ከጸጉራቸው ሥር ዝቅ ብሎ፣ እብጠት አለባቸው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከባቄላ አይበልጥም ነበር፤ አሁን ብርቱካን አክሏል። ሲነኩት አያማቸውም፤ ቆዳውም እንደ ሌላው ቆዳቸው ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚውሉ፣ ማታ ማታ «ይጎትተኛል» ማለት ጀምረዋል። የሸሚዝ ኮሌታም ይፈትገዋል።

በጤና ጣቢያ አንድ ጤና መኮንን ዳስሶ «የስብ እጢ ይመስላል፤ ክፉ አይደለም፤ ካስቸገራቸው ግን ይወጣል» ብሎ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጻፈልን። ወረቀቱ ከሰኔ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶግራፍ ጀርባ እንደ ተሰካ ነው። አባቴ የሚመልሱልኝ አንድ ቃል ነው፦ «እጢ ብረት ከነካው ይቆጣል።» የጎረቤታችን እናት የጡት እጢ ወጥቶላቸው ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ። አባቴ ቀብራቸው ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያሳምናቸው አልቻለም።

ይህ ነገር በእርግጥ ክፉ አይደለም? አንገት ላይ መቆረጡስ አደጋ የለውም? ቢወጣ ስንት ቀን ሥራ ይፈታሉ? የቤታችን እንጀራ የሚመጣው ከእሳቸው መወርወሪያ ስለሆነ ይህንንም መጠየቅ ግድ ሆነብኝ።

ባለ ሱቁ ከአዳማ | ጥቅምት 4

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ በሁለቱ ክንዶቼ ላይ ዐሥራ አንድ ነበሩኝ። አባቴም ነበረባቸው፣ ታላቅ ወንድሜም አለበት፤ ሐኪሙ በዘር የሚወርድ ዓይነት መሆኑን ነግሮኛል። ሦስቱን ብቻ ነው ያስወጣሁት፤ ካርቶን ባነሣሁ ቁጥር እንደ መርፌ ይወጉኝ ስለነበር። ሲመረመሩ ከስቡ ጋር ጥቃቅን የደም ሥሮች የተቀላቀሉባቸው ሆነው ተገኙ፤ ብዙ ጊዜ የሚያምመው እንዲህ ያለው ነው አሉኝ። የቀሩት ስምንቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም፤ እኔም አልነካኋቸውም። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ወጥተውልኝ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ከፍቻለሁ።

የቀዶ ክፍል ነርስ | ጥቅምት 4

ዐሥራ አራት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። አባትሽ ምን እንደሚገጥማቸው በተራ ልንገርሽ፤ አንቺም ለእሳቸው ንገሪያቸው።

በሆዳቸው ይተኛሉ። ቦታው ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይከለላል። ከሁሉ በፊት ሐኪሙ የእጢውን ዳር በእስክሪብቶ ያሰምራል፤ ማደንዘዣው ከገባ በኋላ ቆዳው ስለሚያብጥ ዳሩ ይጠፋልና። ከዚያ መርፌው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያምመው እሱ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ይወጋል፣ ጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ነገር ግን የሚጠፋው ሕመሙ እንጂ መነካቱ አይደለም። መጎተቱንና መገፋቱን ይሰማሉ። ይህን አስቀድመው ያላወቁ ብዙ ሰዎች «ማደንዘዣው አልሠራልኝም» ብለው ሲደነግጡ አይቻለሁ።

ቆዳው የሚከፈተው በሽብሽቡ አቅጣጫ ነው፤ ጠባሳው እዚያው ውስጥ እንዲደበቅ። እጢው በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ሐኪሙ በጣቱና በመቀሱ ጫፍ ዙሪያውን ያላቅቀዋል። ክንድ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ትንሽ ሲጫኑት ራሱ ገፍቶ ይወጣል፤ ቢጫ ነው፣ የበግ ላት ይመስላል። ማጅራት ላይ ያለው ግን ከሥሩ ጋር በጠንካራ ክሮች ስለሚያያዝ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ተመልሶ የሚመጣው ከጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ቁራጭ ከቀረ ግን ያው የቀረው ያድጋል። ባዶ የሚሆነው ቦታ ደም ወይም ውሃ እንዳይቋጥር ውስጡ በሚሟሟ ክር ይሰፋል፣ ላዩ ይዘጋል፣ በጋዝና በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል።

የላዩ ክር ፊት ላይ ከሆነ በ5ኛው ቀን ገደማ ይወጣል፤ አንገት ላይ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ጀርባ ላይ እስከ 14 ቀን ይቆያል። የአባትሽ ሥራ አንገት መድፋት ስለሆነ ክሩ እስኪወጣ፣ ከወጣም በኋላ ጥቂት ቀናት፣ ባይሠሩ ይሻላል። ስኳር ካለባቸው፣ ወይም አስፕሪንና ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ። በራሳቸው ፈቃድ ግን አያቋርጡት።

የቆቦ ልጅ | ጥቅምት 5

ባለ ሱቁንም ነርሷንም አከብራለሁ። ነገር ግን «ክፉ አይደለም» የሚለው ቃል ቤቴን ምን እንዳደረገው ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ በ34 ዓመቱ ጭኑ ላይ እብጠት ወጣበት። በስድስት ወር ውስጥ ከሎሚ ተነሥቶ የሰው ጭብጥ አከለ። ጥልቅ ነበር፤ ጡንቻውን ሲወጥር አብሮ ይያዛል እንጂ በጣት አይንሸራተትም። ሕመም ስለሌለው «ስብ ነው» ተባለ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያለ ምንም ምስል ተከፈተና እየተቆራረሰ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የወጣው ነገር በደም ከራሰው ጋዝ ጋር ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ዝም አልሁ።

በስምንተኛው ወር እዚያው ጠባሳ ሥር ተመልሶ መጣ። አዲስ አበባ ወሰድነው። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚሠራ የውስጥ ምስል ተነሣ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ከስብ ሕዋስ የሚነሣ ነቀርሳ፣ ሊፖሳርኮማ ነው ተባለ። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በፊት የወጣው የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና የጭኑን ጡንቻ ይዞ ሄደ፤ ጨረርም ተከተለ። ወንድሜ በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደረጃ የሚወጣው ግን የሰው ትከሻ ይዞ ነው።

እህቴ፣ አባትሽ ያስወጡትም ይተዉትም፣ ምንነቱ ሳይታወቅ አይሁን። ከወጣም ወደ ላቦራቶሪ ሳይሄድ ከዓይንሽ አትለዪው።

የጣና ሐኪም | ጥቅምት 5

ባሕር ዳር የምሠራ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ሰው ሳይዳሰስ በጽሑፍ አይመረመርም፤ ስለዚህ የምጽፈው ወደ ምርመራው ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ ለማሳወቅ ነው።

የቆቦው ወንድሜ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እንዲህ ያለ ታማሚ በእጄም ደርሷል፤ ሌላ ቦታ ተከፍቶ፣ ናሙናው ተጥሎ፣ ወረቀት እንኳ ሳይኖረው። ደግሞም ማንም አይሸበር። ከቆዳ ሥር የሚወጣ ለስላሳ እብጠት በአብዛኛው ሊፖማ፣ ማለትም ጉዳት የሌለው የስብ እጢ፣ ነው። ሊፖማ ነቀርሳ አይደለም፤ ሊፖሳርኮማም እንደ አዲስ የሚነሣ እንጂ ለዓመታት የኖረ ሊፖማ ተለውጦ የሚሆነው አይደለም ብለን ነው የምንወስደው። አደጋው ሊፖማው ሳይሆን ሊፖማ መስሎ የሚመጣው ሌላው ነገር ነው።

ሊፖማ ሲዳሰስ የቦካ ሊጥ ይመስላል። ዳሩን በጣት ሲጫኑት ያመልጣል። ቆዳው በላዩ ላይ ይንቀሳቀሳል። የሚያድገው በዓመታት ነው። በብዛት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። እኛ ቆም የምንለው ግን እብጠቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ፣ በወራት ውስጥ ሲያድግ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች ሲገባ፣ ሲያምም፣ ወይም ወጥቶ ሲመለስ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቢላ ከመነሣቱ በፊት ምስል ይቀድማል። አንዱ ምልክት መኖሩ ብቻውን ነቀርሳ ነው አያሰኝም፤ ሳይታይ አይነካም ማለት ግን ነው።

የአባትሽ እብጠት ለዓመታት ቀስ እያለ ማደጉ ደግ ምልክት ነው። ብርቱካን ካከለ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ አይቀርም፤ ስለዚህ አልትራሳውንድ ይነሡ። አልትራሳውንዱ ጥልቀቱን ያሳያል፤ ጥርጣሬ ካስነሣ ኤምአርአይ ይከተላል። አንድ ነገር ደግሞ እዪልኝ፦ እብጠቱ መሐል ላይ ያለ አንድ ብቻ ነው ወይስ አንገታቸውን ግራና ቀኝ እኩል ይዞታል? በ1888 እ.ኤ.አ. ኦቶ ማዴሉንግ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም የገለጸው፣ አንገትን እንደ ኮሌታ የሚከብብ የስብ ክምችት አለ። ብዙ ጊዜ ለረጅም ዓመታት አልኮል በጠጡ ወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን ሽፋን ስለሌለው አወጣጡ ፈጽሞ ሌላ ነው።

አንገት አደገኛ ነው ወይ ላልሽው፣ የትኛው ጎን እንደሆነ ይለያያል። ከማጅራቱ መሐል ይልቅ ጎኑ ያስፈራኛል። በአንገት ጎን፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ፣ ትከሻን የሚያነሣ ነርቭ ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ክንድ ከትከሻ በላይ ለመነሣት ይቸገራል፤ መወርወሪያ ለሚወረውር ሰው ደግሞ ይህ እንጀራውን ማጣት ነው። በዚያ ላይ የአንገት ጎን እብጠት በአገራችን ብዙ ጊዜ ሊፖማ ሳይሆን የቲቢ ንፍፊት ነው፤ የእሱ መድኃኒት ደግሞ ቢላ ሳይሆን ክኒን ነው።

የቀድሞ መምህር | ጥቅምት 6

ልጆቼ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። እኔም ጀርባዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለብኝ። ዐቢይ ጾምን አጥብቄ ስጾም ይሟሟል ብዬ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ፤ ሰውነቴ ሲከሳ እሱ ይባስ ጎልቶ ወጣ። ጠበልም እጠመቃለሁ። ዶክተር፣ ስብ ከሆነ ለምን ከሌላው ስብ ጋር አይቀንስም?

የጣና ሐኪም | ጥቅምት 6

መምህር፣ ትክክል አስተውለዋል። የሊፖማ ስብ ሰውነት በችግር ጊዜ እንደሚመነዝረው ስብ አይታዘዝም፤ ሰው ሲከሳም መጠኑን ይዞ ይቆያል። ዙሪያው ስለሚሳሳ ነው ጎልቶ የታየዎት። ጾምዎንም ጠበልዎንም እኔ አልነካም፤ እየተጠመቁም ቢሆን ለአንድ ሐኪም ያሳዩት። ጀርባ ላይ የምናየው ደግሞ ሁልጊዜ ሊፖማ አይደለም። መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለውና አንዳንድ ጊዜ ሽታ ያለው እንደ አይብ ያለ ነገር ከወጣው የቆዳ ከረጢት ነው፤ እሱ ደግሞ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ሳያመረቅዝ ቢወጣ ይሻላል።

የሽሮ ሜዳዋ | ጥቅምት 6

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሐል ላይ ነው፣ አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከበዓል ጠላ በቀር መጠጥ አያውቁም። ምስሉን አስነሣለሁ። ዶክተር፣ «ብረት ከነካው ይቆጣል» ለሚሉኝ ግን ምን ልበላቸው? «የድሮ ሰው ወሬ ነው» ስላቸው ይከፋቸዋል፤ እኔም እንዲህ ብዬ ካሳዘንኋቸው በኋላ ይጸጽተኛል።

የጣና ሐኪም | ጥቅምት 7

«የድሮ ሰው ወሬ ነው» አትበያቸው። አባትሽ ያዩትን ነው የሚናገሩት።

በአገራችን ብዙ ሰው የጡትም ሆነ ሌላ ነቀርሳ ይዞ ወደ ሐኪም የሚመጣው ከተዛመተ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ቢደረግም በሽታው ቀድሞ ሌላ ቦታ ደርሷል። ሰውየው ሲያርፍ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ቢላውን ነው፤ እጢው ከቢላው በፊት ስንት ዓመት እንደ ቆየ ማንም አይቆጥርም። የጎረቤታችሁ እናት ታሪክም እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በቅርብ ስለማላውቀው ግን እንዲህ ነበር አልልም።

ሌላም እውነት አለበት፤ ይህን ባልናገር ለእሳቸው ታማኝ አልሆንም። የቆቦው ወንድሜ እንደ ጻፈው ያለ ነቀርሳ ምንነቱ ሳይታወቅ፣ እየተቆራረሰ ከወጣ ሕዋሳቱ በቁስሉ ውስጥ ይበተናሉ፤ ቀጥሎ የሚደረገውም ቀዶ ሕክምና እጅግ ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ አባትሽ የሚፈሩት ነገር አለ። መድኃኒቱ ግን ብረትን መሸሽ ሳይሆን ብረት ከመንካቱ በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ «አባዬ፣ ልክ ነዎት፤ ስለዚህ መጀመሪያ በምስል ይታይ።» አልትራሳውንድ ብረት የለውም፤ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው ላዩን ነው የሚያስኬዱት።

የለንደኗ | ጥቅምት 8

እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው። እዚህ ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ጉዳት የሌለውን የስብ እጢ ለመልክ ብቻ ብሎ አያወጣም፤ ሥራ ካላሰናከለ ወይም ካላመመ በቀር በራስሽ ወጪ ነው። ለእናቴ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጊዜው ተናድጄ ነበር። ነገር ግን ሌላ ሰው ላይ ያየሁት አስደንቆኛል፦ የሥራ ባልደረባዬ እብጠት እያደገ መሆኑን ስትናገር አጠቃላይ ሐኪሟ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልትራሳውንድ አስነሣቻት። የማያድገውን ያስጠብቃሉ፣ የሚያድገውን ያስቸኩላሉ። ዶክተሩ እዚህ የጻፈው ያንኑ ስለሆነ ነው መናገሬ።

ሾፌር ነኝ | ጥቅምት 9

ትከሻዬ ላይ ያለውን አንድ ወጌሻ በቅቤ እያሸልኝ ነው። ሁለት ወር ሆነው። አንዳንዱ ደግሞ በመርፌ የሚያቀልጥ መድኃኒት አለ ይላል። ያለ ቢላ የሚሆን ነገር የለም?

የቀዶ ክፍል ነርስ | ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ ማሸቱን ተው። ሊፖማን ማሸት አያጠፋውም፤ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ መታሸቱ ሊጎዳህ ይችላል። ወጌሻ ለውልቃት የተካነ ሰው ነው፤ ይህ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። በጋለ ብረት እንተኩሰው ካለህ ደግሞ ፈጽሞ እሺ አትበል፤ ከእጢው የሚብስ ቁስል ይዘው የመጡ ሰዎች አስታምሜአለሁ።

ስቡን በመርፌ የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ በቱቦ መምጠጥም አለ። ጠባሳቸው አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀር መመለሱ ይበዛል፤ በመርፌ የቀለጠ ነገር ደግሞ ላቦራቶሪ ሄዶ በሙሉ አይታይም። እኔን ከጠየቅኸኝ በዚህ የኋለኛው ምክንያት ብቻ አልመርጠውም።

ባለ ሱቁ ከአዳማ | ጥቅምት 9

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በቀኝ ክንዴ በኩል እጢው ከወጣበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ አበጠብኝ። ጠባሳው የሚያብጥ ቆዳ ያላችሁ፣ በተለይ ትከሻ፣ ደረትና የላይኛው ጀርባ ላይ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ ሳልናገር ቀርቼ በኋላ በየወሩ መርፌ መወጋት ነበረብኝ።

የሕጻን እናት | ጥቅምት 12

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእኔ ጥያቄ ስለ ልጄ ነው። የሦስት ወር ልጅ ናት። ከወገቧ በታች፣ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ መሐል ላይ፣ ስትወለድ ጀምሮ ለስላሳ እብጠት አለባት። በላዩ ላይ ጸጉር አለው። ስነካው አታለቅስም። እዚህ ያነበብሁትን አይቼ የስብ እጢ ነው ብዬ ተጽናናሁ። አንድ የሰፈራችን ባለሙያ «ትንሽ ነው፣ እኔው አወጣዋለሁ» ብሎኛል። ሳታድግ ቢወጣ አይሻልም?

የጣና ሐኪም | ጥቅምት 12

እህቴ፣ ማንም እንዳይነካት። አሁኑኑ ለዚያ ሰው «አይሆንም» በዪው።

ከላይ የጻፍሁት ሁሉ ስለ አዋቂ ሰው ነው። በሕጻን ልጅ ወገብ መሐል ላይ ከውልደት ጀምሮ ያለ የስብ እብጠት፣ በተለይ ጸጉር፣ ጉድጓድ ወይም ቀይ ምልክት ካለበት፣ በተከፈተ የአከርካሪ አጥንት በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ከሕብለ ሰረሰሯ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ላዩን ስብ ነው፤ ሥሩ ግን እግሯንና ሽንቷን ከሚያዝዘው ነርቭ ጋር ሊሆን ይችላል። ላዩን የቆረጠ ሰው ያንን ሊቆርጥ ይችላል።

የሦስት ወር መሆኗ ለምስሉ ይጠቅማል። አጥንቷ ገና ስላልጠነከረ አልትራሳውንድ ሕብለ ሰረሰሯን ሊያሳይ ይችላል፤ ግማሽ ዓመት ካለፋት በኋላ ግን ይህ ዕድል ይጠባል፤ ኤምአርአይ ግድ ይሆናል። ወደ ሕጻናት ሐኪም ነገ ሂጂ። አዲስ አበባ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕጻናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል አለ፤ ወረቀት ጽፈው እንዲልኩሽ ጠይቂ። እግሯን እኩል ታንቀሳቅሳለች? ዳይፐሯ አንዳፍታ ሳይደርቅ ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ነው? አንዱ እግሯ ከሌላው ቀጥኗል? እነዚህን እዪና ለሐኪሙ ንገሪው።

የሕጻን እናት | ጥቅምት 12

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የማነበው። ነገ እሄዳለሁ።

የሽሮ ሜዳዋ | ኅዳር 19

ወጥቷል። በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እኔም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈልጌ ነበርና።

አባቴን ያንቀሳቀሳቸው የዶክተሩ ቃል ነው። «ልክ ነዎት» ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ፤ በማግስቱ ወረቀቱን ከፎቶግራፉ ጀርባ ራሳቸው አወጡት። አልትራሳውንዱ 6 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ከጡንቻው ሽፋን በላይ ያለ የስብ እጢ ብሎ ጻፈ። ወረፋ ጠብቀን ትናንት ሳምንት ገቡ።

በማደንዘዣ መርፌ ብቻ ነበር። ነርሷ እንዳለችው መጎተቱ ተሰምቷቸዋል፤ ስላወቁት ግን አልደነገጡም። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። እጢው ሲወጣ አባቴ ሐኪሟን «ልይ» አሏት፤ በጋዝ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ቢጫ ሆኖ ነጣ ነጣ ያለበት ነበር። ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ባዘቶ ይመስላል» አሉ።

ከዚያ አንድ ሠራተኛ «ስብ ነው፣ ለላቦራቶሪ ገንዘብ አታባክኚ» አለኝ። የቆቦው ወንድሜ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። አልተጣላሁም፤ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም ብቻ አልሁ። ሐኪሟ ሰምታ ራሷ ወጣችና «ይላካል» አለች። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ያለበት ሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ተደረገ፤ ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና የተወሰደበት ቦታ ተጻፈበት። የላቦራቶሪው ክፍያ ከቀዶ ሕክምናው ክፍያ የተለየ ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። ዕቃውን ራሴ ተሸክሜ በታክሲ አደረስሁት። ክሩ በዘጠነኛው ቀን፣ ነገ፣ ይወጣል።

የቀዶ ክፍል ነርስ | ኅዳር 19

ጎበዝ። ቦታው በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም ፋሻው በደም ከራሰ ክሩ የሚወጣበትን ቀን አትጠብቂ። ለስላሳ ሆኖ ውሃ የቋጠረ ከመሰለሽም አሳዪው፤ በመርፌ ይመጠጣል።

የሽሮ ሜዳዋ | ታኅሣሥ 3

ውጤቱ መጣ። «ስፒንድል ሴል ሊፖማ፤ የነቀርሳ ምልክት የለውም» ይላል። ዶክተር፣ ይህ ቃል ከሊፖማ የተለየ ሆኖብኝ ትንሽ ደነገጥሁ።

የጣና ሐኪም | ታኅሣሥ 3

እንኳን ደስ ያላችሁ። የሊፖማ ዘመድ ነው፣ ጉዳት የሌለው ነው፤ ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ማጅራትና የላይኛው ጀርባ ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ከስቡ መካከል ቀጠን ብለው ጫፎቻቸው የሾሉ ሕዋሳት ስላሉበት ስሙ ከእንዝርት፣ በእንግሊዝኛ «ስፒንድል» ከሚባለው፣ ተወሰደ። አባትሽ ነጣ ያለውን አይተው ባዘቶ ያሉት እነዚሁ ያሉበትን ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሌላ ሕክምና አያስፈልገውም። ወረቀቱን ግን አስቀምጡት።

የሽሮ ሜዳዋ | ታኅሣሥ 3

ለእናቴ አነበብሁላት። እንዝርቷ እጇ ላይ ነበር። አባቴ ደግሞ ወረቀቱን ተቀብለው እዚያው ፎቶግራፍ ጀርባ ሰኩት። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ገብተዋል፤ ለጊዜው ግማሽ ቀን።

የቆቦ ልጅ | ታኅሣሥ 4

ወንድሜ ይህን ሁሉ አብሮኝ አንብቧል። «ያቺን ልጅ ሰላም በልልኝ፣ ዕቃውን ይዛ ስለሄደች» ብሏል። እኔ የምጨምረው የለኝም።

የሕጻን እናት | ታኅሣሥ 8

የዘገየሁት ጉዞ ላይ ስለነበርሁ ነው። አልትራሳውንዱ እብጠቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ መሆኑን አሳየ። ወደ አዲስ አበባ ላኩን። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ አይቷት ኤምአርአይ አዘዘ፤ በማደንዘዣ ተኝታ ነው የምትነሣው፤ ቀጠሮው ጥር 12 ነው። እግሯን አሁን እኩል ታንቀሳቅሳለች። ያ ባለሙያ ያለኝን ለሐኪሙ ስነግረው ልጄን ከእጄ ተቀብሎ አቀፋት። እስከ ቀጠሮው ድረስ ምን ልጠብቅ?

የጣና ሐኪም | ታኅሣሥ 8

በየቀኑ ስታጥቢያት ሁለቱን እግሮቿን አስተያዪ፤ እግሯን ስትነኪ ትሰበስባለች? ዳይፐሯን ስትቀይሪ በመካከል ደርቆ የምታገኚበት ጊዜ አለ? አንዱ እግሯ ከዛለ፣ ወይም ከእብጠቱ ላይ ውሃ የመሰለ ነገር ከወጣ ጥር 12ን አትጠብቂ፤ ቀጠሮ የሰጡሽ ዘንድ በዚያው ቀን ሂጂ።